የትራውማ ሕክምናን በቪዲዮ መከታተል፦ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ

በአካል ተገናኝቶ በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ማንም ልብ የማይለው ትልቅ ሥራ የሚሠራው ክፍሉ ራሱ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚነገረውን የሚሰማ ሌላ ጆሮ አይኖርም፤ ወንበሩና መብራቱ ታስቦባቸው ተቀምጠዋል፤ ታካሚው ሲንቀጠቀጥ ባለሙያው ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንና እግሩንም ያያል። ሰዓቱ ሲያበቃ ደግሞ እስከ ቤት የሚወስድ መንገድ አለ፤ የተነካካው ትዝታ በዚያ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይረግባል። በቪዲዮ ሲሆን ይህ ሁሉ ሥራ ወደ ታካሚው ይዛወራል። በሩን የሚዘጋው፣ ወንበሩን የሚያስቀምጠው፣ ከጥሪው በኋላ ያለውን ጊዜ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ከባዱ ነገር ሊነገር ሲል ደግሞ ጥሪውን የሚዘጋው ቁልፍ ከጣቱ ሥር ነው። ሕክምናውን የሚሰጡት ባለሙያው ቢሆኑም ሕክምናው የሚካሄድበትን ክፍል የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፤ ይህ መመሪያም ያንን ክፍል እንዴት እንደሚሠሩት በቅደም ተከተል ያሳያል።

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ በስክሪን የሚሰጥ ሕክምና እውን ሕክምና ነውን? በተለይ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተካሄዱና ታካሚዎችን በዕጣ የመደቡ ንጽጽራዊ ጥናቶች፣ በብዛት የተጠኑት የትራውማ፣ ማለትም አሰቃቂ ክስተት በአእምሮ ላይ ጥሎት የሚሄደው ቁስል፣ ሕክምናዎች በቪዲዮ ሲሰጡ በአካል ከሚሰጡት የማያንስ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በተቀጠረ ሰዓትና በታወቀ የሕክምና ዘዴ ስለሚካሄድ ክትትል ነው። በጽሑፍ መልእክት የሚደረግ ማጽናናት ወይም የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠው የመተንፈስ ልምምድ ሊያግዝ ይችላል፤ የትራውማ ሕክምና ግን አይደለም።

የሚወስዱትን ሕክምና በስሙ ይወቁት

«ስለ ደረሰብዎት ነገር እንነጋገራለን» የሚል ሁሉ የትራውማ ሕክምና እየሰጠ ነው ማለት አይደለም። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ ብዙዎች ፒቲኤስዲ ሲሉ የሚያውቁት፣ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ ወዲህ የተፈተኑ ሕክምናዎች ተበራክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ በትራውማ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናንና ኢኤምዲአር የሚባለውን ዘዴ መክሯል። የሚወስዱት ሕክምና የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ዘዴ ከቪዲዮው፣ ከመሣሪያውና ከክፍልዎ የሚጠይቀው ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው።

በኤድና ፎዋ የተቀረጸውና «የተራዘመ መጋፈጥ» ልንለው የምንችለው ዘዴ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜም እስከ 90 ደቂቃ ሊዘልቅ ይችላል። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የሆነውን ሁሉ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይተርካል፣ ትረካው ይቀዳል፣ ቅጂውንም በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሞ ያዳምጠዋል። እንግዲህ በቪዲዮ ሲሆን ቅጂው በማን መሣሪያ ላይ ይቀመጣል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔ የምመክረው ባለሙያው በጥሪው መተግበሪያ ከሚቀዱት ይልቅ ታካሚው ድምፁን ብቻ በራሱ ስልክ እንዲቀዳና ፋይሉን በይለፍ ቃል እንዲቆልፈው ነው፤ ስልኩን ሌላ ሰው የሚከፍተው ከሆነ ግን ይህን አስቀድሞ ለባለሙያው መንገርና ሌላ መላ መፈለግ ይገባል።

ሲፒቲ የሚባለው፣ ፓትሪሺያ ሪሲክ ያዳበሩት ሕክምና፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ሲሆን የሚያተኩረው ክስተቱ በታካሚው አእምሮ ውስጥ ጥሎት በሄደው ድምዳሜ ላይ ነው። «ያን ቀን ከቤት ባልወጣ ኖሮ አይሆንም ነበር» ወይም «ከእንግዲህ ሰው የሚባል አላምንም» የሚሉት ሐሳቦች በወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፤ ማስረጃቸው ይመረመራል። ሥራው በአብዛኛው በጽሑፍ ስለሆነ ለቪዲዮ የተመቸ ነው፤ የሞሉትን ቅጽ ፎቶ አንሥቶ መላክ ወይም ስክሪን አጋርቶ አብሮ ማንበብ በቂ ነው።

ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩት ኢኤምዲአር ታካሚው ትዝታውን በልቡናው ይዞ ዓይኑን ግራና ቀኝ እንዲያንቀሳቅስ ያደርጋል። በአካል ሲሆን ታካሚው የባለሙያውን ጣት ይከተላል፤ በቪዲዮ ሲሆን በስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብን ይከተላል። በትንሽ ስልክ ላይ ግን ዓይን የሚሄድበት ርቀት በጣም አጭር ስለሆነ ኮምፒውተር ይሻላል። ስክሪኑ ካልተመቸ ክንድን ደረት ላይ አጣምሮ ትከሻን በየተራ መታ መታ ማድረግ ይቻላል። «የቢራቢሮ እቅፍ» የሚባለው ይህ ዘዴ የመጣው ሉሲና አርቲጋስ፣ ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ1997 የሜክሲኮን ከተማ አካፑልኮን ከመታ በኋላ፣ ከአደጋው ከተረፉት ጋር ሲሠሩ ነው። ታካሚው በገዛ እጁ የሚያደርገው ስለሆነ ኔትወርክ ቢንቀራፈፍ እንኳ አይስተጓጎልም።

ተደራራቢ ክስተት ላለፈባቸው፣ በተለይም ጦርነትና ስደት ላዩ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የሕይወት ትረካ ሕክምና ደግሞ በገመድ ይጀምራል። ገመዱ ዕድሜ ነው፤ ድንጋይ የክፉ ቀን፣ አበባ የደግ ቀን ምልክት ነው። በቪዲዮ ሲሠራ ገመዱ በታካሚው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና ካሜራው ወደታች ይዘነበላል። ድንጋዮቹን ታካሚው ራሱ ፈልጎ ማምጣቱ፣ የትኛው ትልቅ የትኛው ትንሽ እንደሆነም ራሱ መምረጡ ሥራውን የበለጠ የራሱ ያደርግለታል የሚል እምነት አለኝ።

በቪዲዮ መጀመር የሌለበት ማን ነው?

ራስን የማጥፋት ሐሳብ በረታ ጊዜ፣ በቅርቡ የሙከራ ታሪክ ካለ፣ ታካሚው ብዙ ጊዜ ራሱን ስቶ ወይም ፈዝዞ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ቀኑን የሚመሩት ከሆነ ባለሙያው በአካል መጀመርን ወይም ሁለቱን ማቀላቀልን ሊመርጡ ይችላሉ። ይህ ታካሚውን ማባረር አይደለም። ከስክሪን ማዶ ያለ ሰው ታካሚው ሲወድቅ ሊደግፈው፣ ውኃ ሊያቀብለው አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳት ያደረሰው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ሲኖር ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ካሉ ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ክትትል ሊደረግበት እንደሚችል አስበው ይነሡ፤ የመጀመሪያውን ግንኙነት ያ ሰው በማይደርስበት መሣሪያ፣ ለምሳሌ በሚያምኑት ሰው ስልክ ወይም በሥራ ቦታ ኮምፒውተር፣ ከቤት ውጭ ሆነው ያድርጉ። ገና እየደረሰ ያለ ጉዳት ባለበት ቤት ውስጥ ቀዳሚው ሥራ ደኅንነትን ማደራጀት ነው፤ ትዝታን መቆፈር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለሙያውን የሚጠይቁት፣ ባለሙያውም ሊጠይቅዎ የሚገባው

ፈቃድ የሚሰጠው በየአገሩ፣ አንዳንዴም በየክልሉ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ የሚታየው ደግሞ ባለሙያው የተቀመጡበት ሳይሆን ታካሚው በጥሪው ሰዓት የሚገኝበት ቦታ ነው። ስለዚህ «እኔ ባለሁበት ቦታ ለመሥራት ፈቃድ አለዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቀጥሎ በየትኛው የትራውማ ሕክምና እንደሠለጠኑ፣ ያንኑም በቪዲዮ ሰጥተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ። ጥሪው የሚካሄድበት መተግበሪያ ንግግሩን የሚያመሰጥር፣ ማለትም ሌላ ሰው መሐል ገብቶ እንዳያዳምጠው የሚቆልፍ መሆኑን፣ ክፍለ ጊዜው ይቀዳ እንደሆነ፣ ማስታወሻቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ መስመር ተቋርጦ ግማሽ ሰዓት ቢባክን ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ አብረው ያንሡ። ምስጢር ጠባቂነት ወሰን እንዳለውም ይወቁ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ሕፃን ላይ ጉዳት ሲደርስ ባለሙያው ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርባቸው ይችላል።

የመልሱን ይዘት ያህል አኳኋኑንም ይመልከቱ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ዘርግፈው እንዲነግሯቸው የሚገፋፉ ባለሙያ ያስጠረጥሩኛል። ከሁለት ጥሪ በኋላም «አሁን የት ተቀምጠዋል? አጠገብዎ ማን አለ?» ብለው ያልጠየቁ ባለሙያ ደግሞ የበለጠ ያስጠረጥሩኛል፤ በቪዲዮ መሥራትን ገና አልለመዱትም ማለት ነውና። የሚናገሩበት ቋንቋም ጉዳይ ነው። ክስተቱ በአንድ ቋንቋ ደርሶ በሌላ ቋንቋ ሲነገር ትዝታው ሊርቅ ይችላል፤ ይህ ርቀት አንዳንዴ ዕረፍት ይሰጣል፣ አንዳንዴ ሥራውን ያደክማል። አስተርጓሚ የሚገባ ከሆነ ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅና ምስጢር ለመጠበቅ መፈረም አለበት፤ ዘመድን አስተርጓሚ ማድረግ ግን፣ ምንም ያህል ቢቀና፣ አልመክርም።

ክፍሉን መሥራት

መስፈርቱ አንድ ነው፤ ያንን ነገር በተለመደ ድምፅዎ ሲናገሩ ማንም የማይሰማበት ቦታ ነው ወይ? ይህን በግምት አይመልሱት። ስልክዎ ላይ የሰው ንግግር ከፍተው በሚቀመጡበት ቦታ ያኑሩት፣ በሩን ዘግተው ይውጡ፣ ከውጭ ቆመው ያዳምጡ። ቃላቱ የሚለዩ ከሆነ ከበሩ ውጭ ማራገቢያ ወይም ሬዲዮ ማብራት ድምፁን ያደበዝዘዋል። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ካልተገኘ የቆመ መኪና ውስጥ፣ የሥራ ባልደረባ በተወው ቢሮ ወይም የሚታመን ሰው ቤት ውስጥ መቀመጥ ይቻላል። እየተራመዱ ወይም እየነዱ መታከም ግን አይሞከርም።

ወንበሩን ሲያስቀምጡ ጀርባዎ ወደ ግድግዳ ይሁን፣ በሩም ይታይዎት። ዘወትር በንቃት ጥበቃ ላይ ያለ አካል ከኋላው ክፍት ቦታ ካለ አያርፍም፤ ይህን ለራስዎ ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፣ ወንበሩን ማዞር ይበቃል። አልጋ ላይ ሆነው አይከታተሉ፤ ቅዠት የሚያሠቃየው ሰው የሚተኛበትን ቦታ ከትዝታው ጋር ማያያዝ የለበትም። በአቅራቢያዎ ውኃ፣ ሶፍት፣ ቻርጀር፣ ብዕርና ወረቀት ይኑር። ከእነዚህ ሌላ አንድ በእጅ የሚያዝ ሻካራ ወይም ቀዝቃዛ ነገርና አንድ ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ነገር ያስቀምጡ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

ቤተሰብ ምን ይባላል? የሚታከሙትን ነገር የመንገር ግዴታ የለብዎትም። «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ እሳት ካልተነሣ በስተቀር በሩ አይንኳኳ» ማለት ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን ቃል ብቻ አይጠብቃቸውም፤ ሌላ ሰው ሊይዛቸው ይገባል፣ ወይም ሰዓቱ ትምህርት ቤት ወደሚሆኑበት ጊዜ ይዛወር። ልጅ ድንገት ገብቶ የሚሰማው አንድ ዓረፍተ ነገር ለእርሱም ለእርስዎም ከባድ ይሆናል።

ስለ መሣሪያው ማለት ያለብኝ ጥቂት ነው። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር በእጅ አይያዝ፣ ይደገፍ፤ ካሜራው ከራስዎ እስከ ወገብዎ ያለውን፣ እጆችዎን ጨምሮ፣ እንዲያሳይ ራቅ ይደረግ። መስኮት ከኋላዎ ከሆነ ፊትዎ ጥቁር ሆኖ ይታያልና ብርሃኑን ከፊት ያድርጉት። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ እንደ ምስሉ ጥራት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ተኩል ገደማ ዳታ ሊበላ ስለሚችል ጥቅልዎን አስቀድመው ይዩ፤ የመልእክት ማሳወቂያዎችን ሁሉ ያጥፉ። የራስዎን ምስል ከስክሪኑ ላይ የሚደብቀውን ምርጫ ይጠቀሙ፤ ሰው እያለቀሰ ራሱን በመስታወት ማየት የለበትም። ማዳመጫ ለምስጢር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ድምፅ ጆሮ ውስጥ መግባቱ ራሱ የሚያስደነግጣቸው አሉ። እርስዎም እንደዚያ ከሆኑ በአንድ ጆሮ ብቻ ማድረግ ወይም ጨርሶ መተው ይቻላል፤ ለባለሙያውም ይንገሯቸው፣ ለሕክምናው ጠቃሚ መረጃ ነው።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚፈጸም ስምምነት

ታሪክ ከመነገሩ በፊት ስምምነት ይጻፋል። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ ያሉበትን ትክክለኛ አድራሻ ይናገራሉ፤ ቦታ ካልቀየሩም ይናገሩታል፣ ችግር ቢፈጠር እርዳታ የሚላከው ወደዚያ ነውና። ባለሙያው ሊደውሉለት የሚችሉት በአቅራቢያዎ ያለ አንድ ሰው ይመረጣል፤ ያ ሰው መመረጡን ማወቅ አለበት፣ የሚነገረው ነገር ልክም ከወዲሁ ይወሰናል። ያሉበት አካባቢ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር በሁለታችሁም ዘንድ ይጻፋል፤ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያሉ ባለሙያ የራሳቸውን አካባቢ ቁጥር ቢደውሉ ለእርስዎ አይደርስም።

ሁለተኛው ስምምነት ስለ መቋረጥ ነው። ማን ይደውላል? በስንት ደቂቃ ውስጥ? በየትኛው ስልክ? «መስመር ከተቋረጠ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እኔ በመደበኛ ስልክዎ እደውላለሁ፤ እርስዎ ደጋግመው ለመግባት አይድከሙ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ስትደዋወሉ ሁለታችሁም «መስመሩ ተይዟል» መባላችሁን ሁሉም ያውቀዋል።

ሦስተኛው ስለ ምልክት ነው። መናገር ሲያቅትዎ እጅዎን ከፍ ማድረግ «ይቁም» ማለት ይሁን። ሰው ድንገት ወደ ክፍሉ ቢገባ ደግሞ ሁለታችሁ ብቻ የምታውቁት ተራ ቃል ይኑር፤ ለምሳሌ «ሪፖርቱን ነገ እልካለሁ» ሲሉ ባለሙያው ወዲያው ወሬውን ወደ ሥራ ጉዳይ ያዞራሉ ወይም ጥሪውን ይዘጋሉ። ከአጥቂው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ለሚኖር ሰው ይህች ቃል ከመተግበሪያው ምስጠራ ሁሉ ትበልጣለች።

በክፍለ ጊዜው ውስጥ

ካሜራው የማያሳየውን እርስዎ ይናገሩ። «እጄ ደንዝዟል»፣ «ሆዴ ተቋጥሯል»፣ «እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው» ማለት በአካል ሲሆን ባለሙያው ራሳቸው የሚያዩትን ነገር መስጠት ነው። የጭንቀትዎን መጠን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መናገርም የተለመደ ነው፤ 0 ፍጹም ርጋታ፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው ከባዱ ጭንቀት ነው። ሰው በስክሪን ላይ ሲሆን ራሱን መነቅነቅና «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናዋል፤ ቁጥር ግን «ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል የምትሸፍነውን ያወጣዋል።

ድምፅና ምስል መዘግየታቸው ዝምታን አሻሚ ያደርገዋል። ባለሙያው ዝም ያሉት እያሰቡ ነው፣ እያዘኑ ነው፣ ወይስ ኔትወርኩ ነው? ጥርጣሬ ሲገባዎ ይጠይቁ። በትራውማ ያለፈ ሰው የማይመልስ ፊትን ቶሎ እንደ ፍርድ ስለሚያነበው ይህ ትንሽ ጥያቄ ብዙ አለመግባባትን ያድናል።

አንድ ቅጽበት ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት ታካሚ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የደረሰባትን የመኪና አደጋ እየተረከች ነው እንበል። መስታወቱ ሲረግፍ የሰማችው ድምፅ ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ይደርቃል። የባለሙያዋ ፊት ዓይናቸው በከፊል እንደተከደነ ቀርቷል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰምተው ይሁን አይሁን አታውቅም። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ሆና ጮኻ የሰማት አልነበረም፤ አሁንም ያው የሆነ ይመስላታል። ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ የክፍሉ ግድግዳ የሚርቅ ይመስላል። ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ግን በገዛ እጇ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፤ «የተቋረጠው መስመሩ ነው። እኔ ቤቴ ነኝ። አደጋው አልፏል። በሁለት ደቂቃ ይደወላል።» ሁለት እግሯን ወለሉ ላይ ትጭናለች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀዝቃዛ ብርጭቆ በሁለት እጇ ትይዛለች። ስልኩ ይጮሃል። ባለሙያዋ መጀመሪያ የሚጠይቋት «ከዚያስ?» ብለው አይደለም፤ «አሁን የት ነሽ? ከፊትሽ ምን ይታይሻል?» ብለው ነው። ወደ ትረካው የሚመለሱት፣ ከተመለሱም፣ ቁጥሩ ወርዶ ድምፅዋ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ወረቀቷን እርስዎም ይጻፏት። አእምሮ በፍርሃት ሲጥለቀለቅ የተማረውን ማስታወስ ያቅተዋል፤ ዓይን ግን የተለጠፈውን ያነባል። ራስን ወደ አሁኑ ጊዜ የመመለሻ ልምምዶች ብዙ ናቸው፤ የሚታወቀው አምስት የሚታዩ፣ አራት የሚዳሰሱ፣ ሦስት የሚሰሙ፣ ሁለት የሚሸቱ፣ አንድ የሚቀመስ ነገር መጥራት ነው። ሻካራውና የሚሸተው ነገር ከአጠገብዎ እንዲሆን የተባለውም ለዚህ ነው። ፈዝዘው ለሚቀሩ ሰዎች መቀመጥ ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ተነሥቶ መቆም፣ ግድግዳን በመዳፍ መግፋት፣ የዕለቱን ቀን ጮክ ብሎ መናገር የበለጠ ይሠራል።

ክፍለ ጊዜው ከባድ ነገር እየነካ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መሄድ የለበትም። የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የመርገቢያ ናቸው። ባለሙያው ከዘነጉት እርስዎ ሰዓቱን ያስታውሷቸው፤ ይህ ድፍረት አይደለም።

ጥሪው ከተዘጋ በኋላ

ስክሪኑ ሲጠፋ የሚመጣው ጸጥታ ድንገተኛ ነው። ከአንድ ሰከንድ በፊት ስለ ሞት ሲናገር የነበረ ሰው አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እየጠበቀው ነው። ስለዚህ መንገድ የሌለበት መንገድ ይፍጠሩ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሥራም እንግዳም የማይገባበት ያድርጉት። ከወንበሩ ይነሡ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ከተቻለ ከቤት ወጥተው ዞር ዞር ይበሉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዜናና ማኅበራዊ ሚዲያ አይከፈት። ስብሰባን ከሕክምና ሰዓት ጋር አያጣብቁ፤ የሚያጣብቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሕክምናውን «አልሠራልኝም» ብለው ያቋርጡታል፤ እውነቱ ግን የሚሠራበትን ጊዜ አለመስጠታቸው ነው።

በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅዠት ሊበረታ፣ እንቅልፍ ሊረበሽ፣ ስሜት ሊነካካ ይችላል። ለአንድ ሁለት ቀን ቆይቶ የሚረግብ ከሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወይም ዕለታዊ ሥራ ከቆመ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለባለሙያው ይደውሉ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በቀጥታ ወደ አደጋ ጊዜ አገልግሎት።

በሳምንቱ መካከል፣ እና ስለ ሽሽት

አብዛኞቹ የትራውማ ሕክምናዎች የቤት ሥራ አላቸው፤ ለውጡም በአንድ ሰዓት ጥሪ ውስጥ ብቻ አይመጣም። በቪዲዮ መታከም እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ የሚሸሹት ነገር ያለው ብዙ ጊዜ በቤትዎና በሰፈርዎ ነው። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ያልተከፈተ ሳጥን፣ ያልተነካ ልብስ ካለ ከባለሙያው ጋር በተስማሙበት ቀን፣ እርሳቸው በስክሪን እያዩ፣ ሊከፈት ይችላል። ይህን የክሊኒክ ክፍል አይሰጥም።

ለውጡን በስሜት ብቻ አይለኩት። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ፒሲኤል-5 የተባለ መጠይቅ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሞላል፣ ድምሩም ከ0 እስከ 80 ይሆናል። ከ31 እስከ 33 ያለው ድምር ሰውየው ፒቲኤስዲ ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም መነሻ ነው፤ ብቻውን ግን ምርመራ አይደለም። በየጊዜው እየሞሉ ለባለሙያው ቢልኩት መሻሻልም ሆነ መቆም ቶሎ ይታያል።

ሽሽት የሕመሙ አንድ አካል ነው፣ በቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ጥሩ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ኔትወርኩ ልክ ከባዱ ርዕስ በተቀጠረበት ሳምንት ይበላሻል፤ ካሜራው «ዛሬ ድምፅ ብቻ ይሁን» ተብሎ ይጠፋል፤ ቻርጀር ይረሳል። አንድ ጊዜ ሲሆን አጋጣሚ ነው። ሦስት ጊዜ ሲሆን ግን ለባለሙያው «መሸሽ የጀመርኩ መሰለኝ» ብሎ መናገር ይሻላል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ራሱ የሕክምናው ሥራ ነው። ለመዝጊያው ቁልፍ አንድ ደንብ አብራችሁ አውጡ፦ ማቆም ሁልጊዜ የእርስዎ መብት ነው፣ ነገር ግን ከመዝጋትዎ በፊት እጅዎን ያነሣሉ፣ ከቆመም በኋላ ሁለት ደቂቃ በመስመሩ ላይ ይቆያሉ።

ሲጠናቀቅ ወይም ሲለወጥ

ከተስማሙበት ክፍለ ጊዜ ግማሽ ያህሉ አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ ይህን በግልጽ ማንሣት ይገባል። ዘዴውን መለወጥ፣ ክፍለ ጊዜውን ማስረዘም፣ በአካል መገናኘት ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ መዛወር ሁሉም የሚቻል ነው፤ ዝም ብሎ መጥፋት ግን ቀጣዩን ጅማሮ ያከብደዋል። ሕክምናው በሚገባ ካለቀ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለመዝጊያ ሥራዎች ይጠቀሙበት። ማስታወሻዎችዎ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጡ ይጠይቁ፤ የትረካ ቅጂዎቹን ያስቀምጡ ወይም ያጥፉ የሚለውን ይወስኑ፣ ካጠፏቸው ስልኩ በራሱ ወደ ሌላ ቦታ ያከማቸውንም ግልባጭ ጨምረው ያጥፉ። ምልክቶቹ ቢመለሱ ለማን እንደሚደውሉ ይጻፍ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ አጭር የክትትል ጥሪ ይቀጠር። ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ወረቀት አንሥተው ቀኑን ጽፈውባት ከክትትሉ ቀጠሮ ጋር ያስቀምጧት፤ ወንበሩንም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመልሱት።